«ረን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ጠይቁኝ

ሰላም ሰላም። ትምህርት ቤት «ረን» ማለት መሮጥ ነው ተብለን አደግን፣ ከዛ ቢዝነሱም ይሮጣል አፍንጫውም ይሮጣል፣ ሰው ግራ ይጋባል። እንግሊዝኛ ሳስተምር ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይቺን ስለሆነ ዛሬ እሷን ብቻ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ስንት ትርጉም ነው ያላት?
የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር እሷን ብቻ ይዞ 9 ወር ፈጅቶበታል፣ ለግሱ ብቻ 645 ትርጉም አገኘ። ከሷ በፊት አንደኛዋ «ሴት» ነበረች (የኛዋ ሴት አይደለችም ሃሃ፣ ማስቀመጥ ምናምን የምትለዋ)፣ እ.ኤ.አ. በ1989ኙ እትም 430 ነበራት።

ጥያቄ፦ ኧረ በማርያም 645 እንዴት ይሸመደዳል?
አይሸመደድም። እስቲ «ያዘ»ን እዩት፦ ጉንፋን ያዘኝ፣ ታክሲ ያዝኩ፣ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ስልኩ ተይዟል። ማን ቁጭ ብሎ ሸመደደው? ከጎኑ ያለውን ቃል ሰምተን ነው የምንለየው፣ ረንም እንደዛው ናት። ደግሞ አብዛኛው ትርጉም ስር አንድ ነገር አለ፣ ሳይቆም መሄድ፦ የቧንቧው ውሃ፣ ሞተሩ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ። የሚያስኬደው ሰው ሲኖር ደግሞ «ሺ ረንስ ኤ ካፌ» ይላሉ፣ እኛም እኮ ስራውን ታስኬደዋለች እንላለን። ሁሉም ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፣ እያስገደዳችሁ አታስገቡት።

ጥያቄ፦ ረን ኢንቱ እና ረን ኦቨር ልዩነታቸው?
ወንድሜ ይቺን ጠንቅቀህ ያዝ። «አይ ራን ኢንቱ ዩር ብራዘር» (ራን ያለፈው የረን መልክ ናት) ካልክ ወንድምህን መንገድ ላይ ድንገት አገኘሁት ነው፣ ሰላም ተባባልን፣ አለቀ። «አይ ራን ኦቨር ዩር ብራዘር» ካልክ ግን በመኪና ሄድኩበት ማለት ነው፣ ፖሊስ ያስጠራል። ችግሩ ኢንቱም ቢሆን ከሰው ሌላ ነገር ሲከተለው ይለወጣል፣ «ራን ኢንቱ ኤ ፖል» ማለት ምሰሶ ጋር ተላተምኩ ነው፣ ኢንሹራንስ ጋር ደውለህ ስታወራ ይሄን አትርሳ። ስብሰባ «ራን ኦቨር» ከተባለ ደግሞ ከሰዓቱ አለፈ ነው፣ ማንም አልሞተም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ኡበር እሰራለሁ፣ ቲኬት ላይ ቀይ መብራት «ራን» ብለው ጻፉብኝ፣ እኔ ግን ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው።
ቀስ ማለትህ አያድንህም፣ እዚህ ጋ ከፍጥነት ጋር ምንም አይገናኝም። ቀዩን ጥሰህ አልፈሃል ነው የሚለው፣ እየተንፏቀቅክ ብታልፍም ያው ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ረን ኢት ባይ ሚ ፈርስት» ብላ ኢሜይል ላከችልኝ፣ ይዤላት ልሩጥ?
ሃሃ አይ፣ ከመላክሽ በፊት አሳዪኝ፣ አስተያየት ልስጥበት ነው ያለችሽ እህቴ። ቢሮ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ምርጫ ላይ ረኒንግ ሜት የሚሉት?
ከፕሬዝዳንት እጩው ጋር አብሮ ለምክትልነት የሚወዳደረው ነው፣ በ2020 ካማላ ሃሪስ የባይደን ረኒንግ ሜት ነበረች። ቃሉ የመጣው ከፈረስ እሽቅድምድም ነው፣ ከአንድ ጋጣ ሁለት ፈረስ ያስገቡና አንዱ ለሌላው ፍጥነት እንዲያወጣለት ያደርጋሉ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ለምርጫ መወዳደርን ብዙ ጊዜ «ስታንድ» ነው የሚሉት፣ አሜሪካኖቹ ይሮጣሉ እነሱ ይቆማሉ።

ጥያቄ፦ «ባንክ ረን» የሚሉትስ?
ባንኩ ሊወድቅ ነው ተብሎ አስቀማጩ ሁሉ በአንዴ ገንዘቤን ሲል ነው። በማርች 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ላይ በአንድ ቀን የ42 ቢሊዮን ዶላር ወጪ ጥያቄ መጣ፣ በማግስቱ ተዘጋ።

ጥያቄ፦ ስቶኪንግ ላይስ?
ተተርትሮ ወደታች የሚወርደው መስመር። እንግሊዞቹ ላደር ነው የሚሉት።

ጥያቄ፦ «አይ ሃቭ ራን» ነው ወይስ «ረን»?
ረን። ትናንት ለሚለው ብቻ ነው ራን፣ ሃቭ ወይም ሃድ ከመጣ ተመልሳ ረን ትሆናለች፦ «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ሚልክ»፣ ወተት አልቆብናል። ይሄን ፈረንጆቹም ራሳቸው ሲያወሩ ይስቱታል፣ ፈተና ላይ ግን ማርክ ያስቀንሳል።