ላይፍ ጃኬት ለምኔ ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ፣ ካያኬን (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ ነው) እያጠብኩ አንድ ልጅ መጥቶ ሰላም አለኝ፣ የድሮ ባልደረባዬ ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር አዋጥተው ካያክ ሊገዙ ነው፣ አሳም ሊያጠምዱበት ነው። ደስ አለኝ። ከዛ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ጋሼ፣ እኔ ዋና እችላለሁ እኮ፣ ላይፍ ጃኬት ምን ያደርግልኛል? እርስዎም ያኔ ከሐይቁ መሀል ዋኝተው አይደል የወጡት፣ አባቴ ሁሌ ያወራልናል»።

ሳቅ አልኩና ዝም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይሄው እየጻፍኩ ነው፣ ላንተም ለጓደኞችህም፣ በካያክ ቆየን ለምትሉትም ጭምር።

የኔ ሥራ ውሃ መለካት ነበር። ሐይቁ ሞልቶ ከተማውን ያስፈራራ ጊዜ፣ 1991 አካባቢ፣ በሞተር ጀልባ ስንወጣ ስንገባ ነው የከረምነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 22 ሜትር ገደማ እንደሆነ፣ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ፣ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ እንደሚገባበትና በዓይን የሚታይ መውጫ ወንዝ እንደሌለው ጠይቁኝ ነው። ይሄን ሁሉ ስለማውቅ ሐይቁን የማውቀው መሰለኝ። የዛን ሰሞን ነው አንድ አብሮን የሠራ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ካያኩን ለኔ ትቶልኝ የሄደው፣ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ቢጫ ፕላስቲክ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ተሸክሜው ወረድኩ። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ቁጭ ብለው መረብ ይጠግናሉ። ቀና አሉና «ልጄ፣ ንፋሱ ሊነሳ ነው፣ ጠዋት ብትገባ ይሻልሃል» አሉኝ። «ችግር የለም አባባ» ብዬ ገባሁ። ላይፍ ጃኬቱን ለብሼው ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ፣ መቀመጫው ይቆረቁራል ብዬ አጥፌ ተቀምጬበት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ካያኩ እንደ ጉድ በረረ። ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ እኮ! ለካ ንፋሱ ከኋላዬ ነው የሚገፋኝ። መሀል ስደርስ ቆም ብዬ መንጠቆ ልጥል አልኩና ድንጋይ የታሰረበትን ገመድ ከወገቤ አጠገብ፣ ጎን ላይ ካለው እጀታ ጋር አስሬ ጣልኩት። ይሄን ልብ በሉ። መልህቅ ከፊት አፍንጫው ወይ ከኋላው ነው የሚታሰረው፣ ጎን ላይ ካሰራችሁት ማዕበሉ ካያኩን ከጫፉ ሳይሆን በሙሉ ጎኑ ይመታዋል፣ ገመዱ ደግሞ በዚያው ጎን ወደ ታች ይጎትታል። ሦስተኛው ማዕበል ነው መሰለኝ ገለበጠኝ።

ውሃው አልቀዘቀዘኝም፣ የሐዋሳ ውሃ ነው። ዋናም እችላለሁ፣ ስለዚህ አልደነገጥኩም። ልወጣ ስሞክር ካያኩ ላዬ ላይ ይገለበጣል፣ ደግሜ ስይዘው ደግሞ ይገለበጣል። አራት ጊዜ። ጉልበቴ እዛ ላይ አለቀ። ከዛ ገመዱ ተበጠሰና ካያኩ ሄደ። ባዶ ካያክ በንፋስ እንዴት እንደሚሮጥ ያላየ ሰው አያምንም፣ ተከትዬው ዋኘሁ፣ አንድ አስር ክንድ ይቀድመኝ ነበር፣ ቆይቶ መቶ ሆነ፣ ከዛ ጠፋ። ላይፍ ጃኬቱም መቅዘፊያውም የት እንደገቡ እንጃ። ዞሬ ዳር ያለውን ታቦር ተራራ እያየሁ መዋኘት ጀመርኩ። ተራራው ንቅንቅ አይልም። ጫማዬ ከብዶኛል፣ በየትንፋሼ ውሃ እጠጣለሁ፣ ልጄ ያኔ የሦስት ዓመት ነበረች፣ እሷን እያሰብኩ ነበር ብል ውሸት ነው፣ የማስበው የቢሮውን ቁልፍ ኪሴ ይዤው እንደወጣሁ ነው።

እኚያ ሽማግሌ ናቸው የደረሱት። የማታ መረባቸውን እየጣሉ ግማሽ ላይ ደርሰው ነበር፣ ሲያዩኝ ገመዱን በቢላ ቆርጠው መረቡን ለቀውት መጡ። ያን ሲጠግኑት የነበረውን መረብ። በአንገትጌዬ ጎትተው አወጡኝ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም፣ «እግርህን ወዲህ አድርግ» ብቻ። ዳር ስንደርስ ጃኬታቸውን አልብሰውኝ ነበር የሄድኩት።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ካያኩ ቄጠማ ውስጥ ተጥሎ መገኘቱን ሁሉም ሰምቷል። «እንዴት ወጣህ?» አሉኝ። «ዋኘሁ»። በቃ፣ እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩት። የውሃ ባለሙያ በአሳ አጥማጅ ተጎትቶ ወጣ እንዳይባል ነው። ወሬው እያደር አደገ፣ አንድ ኪሎ ሜትር የነበረው ሦስት ሆነ፣ እኔም አላረምኩም።

ከሳምንታት በኋላ አሞራ ገደል፣ አሳ ገበያው ጋ፣ ሽማግሌውን አገኘኋቸው። «ያቺ ጀልባህ ተገኘች?» አሉኝ። ስለ መረቡ አላነሱም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጃኬቱን መልሼ አምባዛ አሳ ከሳቸው ገዛሁ፣ ሳልከራከር የጠሩትን ዋጋ ከፈልኩ፣ ሂሳቡን የዘጋሁ መሰለኝ። የአንድ መረብ ዋጋ ላጥማጅ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ነው የሚገባኝ። ከዓመታት በኋላ ፈልጌያቸው ነበር፣ የሚያውቃቸውም አላገኘሁ።

እና ላይፍ ጃኬት ምን ያደርጋል ላልከኝ፣ አራት ጊዜ ስትገለበጥ ጉልበትህን ያቆይልሃል። ይለበሳል፣ አይቀመጡበትም። መልሶ መውጣትንም መጀመሪያ ወገብህ ድረስ በሚደርስ ውሃ ተማር፦ ካያኩ መሀል ጋ ትሆናለህ፣ ማዶውን ጠርዝ ትይዛለህ፣ እግርህን ከኋላህ ውሃው ላይ አንሳፍፈህ እየረገጥክ በሆድህ ትወጣለህ፣ ከዛ ዞረህ በመቀመጫህ ትቀመጣለህ፣ እግርህን የምታስገባው መጨረሻ ነው። እኔ እንደ ግንብ ልዘለው ነበር የሞከርኩት። የቆያችሁትም ይሄን በየጊዜው ሞክሩት፣ በሰላም ቀን ብቻ ሳይሆን ውሃው ትንሽ ሲነቃነቅ። ካያክን የፈጠሩት የሰሜን በረዶ አገር ኢንዊቶች ተገልብጦ መነሳትን ይለማመዱት ነበር፣ ነውር አልነበረም። የኛ ልጆች ደግሞ መጀመሪያ የሚለማመዱት ቲክቶክ ላይ መቆምን ነው። ካያክ ላይ ቆሞ ሴልፊ! (እውነቱን ለመናገር ከኛ ይልቅ በዋና ትበልጡናላችሁ፣ ይሄን ልክድ አልችልም።)

ከስድስት ሰዓት በፊት ከውሃው ውጡ። ስትሄዱ ንፋስን ፊት ለፊት ተጋፈጡት፣ ስትመለሱ ይግፋችሁ። ተንሳፍፎ የምታዩት ሃይላንድና ጀሪካን ቆሻሻ አይደለም፣ የሰው መረብ ምልክት ነው፣ አትንኩት። ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ቄጠማው ውስጥ ጉማሬ አለ፣ ጆሮውን ካያችሁ ዙሩ። ጫሞ ሐይቅ ሄዳችሁ እንደዚህ እንዳትዝናኑ ግን፣ እዛ አዞ አለ። ቢልሃርዚያም እኛ ጋ አለ፣ ዳር ዳሩን እግር ነክራችሁ አትዋሉ።

ለአሳው፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ጠዋት ቄጠማ ዳር በትልና በሊጥ ይመጣል፣ ትንሹን መልሱት። አምባዛ ሲይዝላችሁ ጭናችሁ ላይ እንዳታወጡት፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ጎንና ጎን ያለው እሾህ እስካሁን እጄ ላይ ምልክቱ አለ፣ ያን ቀን ባለቤቴ ሐኪም ቤት ያለውን ሰው ሁሉ በኔ አሳቀችብኝ። ብቻችሁን አትግቡ። እኔ ብቻዬን እገባለሁ፣ አዎ፣ ባለቤቴም በየጠዋቱ የምትጨቀጭቀኝ በዚሁ ነው።

እስቲ ካያኩን ስትገዙ ጥሩኝ፣ አያለሁ። አባትህን ሰላም በልልኝ፣ እንዳልዋኘሁም ንገረው።