ስለ ብሽሽት ቡአ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ። ሐኪሞች ሄርኒያ ስለምንለው የብሽሽት ቡአ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ስለ ቦታው አትፈሩ፤ ለዓመታት በሀፍረት ደብቀውት ቆይተው አንጀታቸው ከታነቀ በኋላ የሚመጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ጥያቄ፦ ስቆም ብሽሽቴ ላይ ያብጣል፤ ስተኛ ይጠፋል። ቡአ ነው?

የገለጹት የቡአ ጠባይ ነው። የሆድ ግድግዳ በሳሳበት ቦታ የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን እንደ ከረጢት ሆኖ ይወጣል፤ ስብ ወይም አንጀት ይከተለዋል። ሲያስሉ ወይም ሲያምጡ ይገፋል፤ ሲተኙ ይመለሳል። ሐኪሙ ቆመው እንዲያስሉ አድርጎ በጣቱ ይለየዋል። አልትራሳውንድ የሚያስፈልገው ሲያጠራጥር ነው።

ጥያቄ፦ ለምን በወንዶች ላይ ይበዛል?

ነገሩ የሚጀምረው ከመወለዳችን በፊት ነው። የወንድ የዘር ፍሬ የሚፈጠረው ሆድ ውስጥ፣ ኩላሊት አካባቢ ሲሆን፣ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት የሆድን ግድግዳ አልፎ ይወርዳል። ሲወርድ ከሆድ ዕቃ ሽፋን ጣት የመሰለ ቱቦ ያስከትላል። ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ ለአንጀት ክፍት በር ይሆናል። የወረደበት ቦይ በአዋቂ ሰው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የዘር ማስተላለፊያ ቱቦና የደም ሥሮች ያልፉበታል። የሴቶቹ ቦይ ጠባብ ነው፤ የሚያልፍበት በዋናነት የማኅፀን ደጋፊ ጅማት ነው። በዕድሜ ዘመኑ ከአራት ወንዶች አንዱ ያህል ይህ ቡአ ሲይዘው፣ ከ100 ሴቶች ግን 3 ያህሉን ብቻ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ዓይነቶቹ ስንት ናቸው?

ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከላይ በተናገርሁት ቦይ ሙሉ ርዝመት ተጉዞ አንዳንዴ እስከ ዘር ፍሬ ከረጢት የሚወርደው ነው። በወጣቶችም በሕፃናትም ይታያል። ሁለተኛው በቦዩ ጀርባ ያለው ግድግዳ በዕድሜ ሲሳሳ በቀጥታ ወደ ፊት የሚገፋው ነው፤ የሚወጣበት ቦታ በጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ በሄሰልባክ ስም ይጠራል። ሁለቱን የሚለያቸው ከግድግዳው በስተኋላ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ የደም ሥር ነው፤ የመጀመሪያው ከእሱ በስተውጭ፣ ወደ ዳሌ በኩል፣ ሁለተኛው በስተውስጥ፣ ወደ ሰውነት መሃል በኩል ይወጣል። ሦስተኛው የጭን ቡአ ይባላል። የሚወጣው ከብሽሽት ጅማት በታች፣ ከእግር ወደ ላይ ከሚወጣው ትልቅ የደም መልስ ሥር አጠገብ ነው። ቀዳዳው ጠባብና ግትር በመሆኑ የገባውን አንጀት አንቆ ይይዛል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ በተለይም በአረጋውያን ላይ ይበዛል።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ብሽሽቷ ሥር የለውዝ ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። ከትናንት ጀምሮ ሆዷ ተነፍቶ ያስመልሳታል፤ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጣት።

አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ እስኪነጋ እንኳ አይጠብቁ። የጭን ቡአ ትንሽ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ብዙ እናቶችም ለሐኪም አያሳዩትም። የታነቀ አንጀት ደም ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለሐኪሙ “ብሽሽቷ ላይ እብጠት አለ” ብለው በግልጽ ይንገሩ። እስከዚያው ምግብም ውኃም አይስጧቸው፤ እብጠቱን ለመመለስም አይጫኑት።

ጥያቄ፦ ጆንያ ተሸካሚ ነኝ። ቡአውን ያመጣብኝ ሸክሙ ነው?

ሸክም ብቻውን ያመጣል የሚለው ማስረጃ ጠንካራ አይደለም፤ የነበረውን ድክመት ግን ሊያወጣው ይችላል። በቤተሰብ ውስጥ መኖሩ፣ ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ ቀደም ሲል የተደረገ የፕሮስቴት (ከወንድ ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ) ቀዶ ሕክምና ሁሉም ይታሰባሉ። ሳል ካለብዎት መጀመሪያ ሳንባዎን ይመርመሩ። ሽንት ለመሽናት የሚያምጥ አዛውንትም ፕሮስቴቱን ይታይ፤ ምክንያቱ ካልታከመ ቡአው ሊመለስ ይችላልና።

ጥያቄ፦ ወገሻ ቢያሸኝ ወይም በመቀነት ብታሰር ይድናል?

አይድንም። ቀዳዳውን የሚዘጋው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ መታሸቱ ደግሞ የታነቀ አንጀትን ሊበሳ ይችላል።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ልጄ ሲያለቅስ ብሽሽቱ ያብጣል። ሲያድግ ይጠፋል አሉኝ።

የእምብርት ቡአን አስበው ይሆናል፤ እሱ በአብዛኞቹ ሕፃናት በራሱ ይዘጋል። የብሽሽቱ ግን አይዘጋም፤ በጨቅላ ደግሞ የመታነቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ሳይዘገዩ ለሕፃናት ቀዶ ሐኪም ያሳዩት። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ ከረጢቱ ይታሰራል፣ በአዋቂ እንደሚደረገው የሆድ ግድግዳን የሚያጠናክር መረብ አይገባም።

ጥያቄ፦ ምንም አያመኝም። የግድ ልቀደድ?

ወንድ ከሆኑና ስሜቱ ቀላል ከሆነ በሐኪም ክትትል መቆየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ በ720 ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት መጠበቁ አደገኛ እንዳልሆነ አሳይቷል፤ በክትትሉ ግን ከጠበቁት መካከል አብዛኞቹ በ10 ዓመት ውስጥ፣ በዋናነት በሕመም ምክንያት፣ ቀዶ ሕክምናውን አድርገዋል። ሴት ከሆኑ ወይም የጭን ቡአ ከሆነ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ልጅ መውለድ እችላለሁ?

አዎ። ሐኪሙ የዘር ማስተላለፊያውን ቱቦ ለይቶ እየጠበቀ ነው የሚሠራው፤ ጉዳት የሚደርስበት አልፎ አልፎ ብቻ ነው።