የእንግሊዝኛ ቃል በጆሮ አይታደንም

ልጆቼ፣ «5 ፊደል ያለው፣ ኤችና ቲ ያሉበት ቃል አምጡ» ስትባሉ መጀመሪያ የምታደርጉትን አስተውሉ። ብዙዎቻችሁ ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ ድምፅ ትሞክራላችሁ። ልማዱ የመጣው ከራሳችን ፊደል ነው። በእኛ ጽሕፈት ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ሆሄ ተቋጥረው ስለሚመጡ ጆሮ የሰማውን እጅ ይጽፈዋል። በእንግሊዝኛ ግን ጆሮ ያሳስታል። ሌሊት ማለት የሆነው «ናይት» 5 ፊደል ነው፦ ኤን፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ። የጥንት ፈረሰኛ ተዋጊ ማለት የሆነው «ናይት» ደግሞ በድምፅ ምንም ሳይለይ ከፊቱ የማትነበብ ኬ ስላለችበት 6 ነው። እንዲህ ያለ ቃል የሚገኘው በዓይን ነው፤ የትኛው ፊደል ከየትኛው ጎን መቀመጥ እንደሚወድ በማወቅ።

ወረቀት አውጡና በቃሉ ርዝመት ልክ ሳጥኖች ስሩ። ቦታቸው የታወቀውን ፊደሎች በየሳጥናቸው አስገቡ። መኖራቸው ታውቆ ቦታቸው ያልታወቀውን ከላይ ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ሥርም «2ኛ አይደለም፣ 4ኛ አይደለም» እያላችሁ የማይሆንበትን ቦታ መዝግቡ። የሌሉትን ከታች ለብቻቸው አስፍሩ። ሰው የሚዘለው «አይደለም» የሚለውን መዝገብ ነው፤ ከዚያ ያንኑ ፊደል እዚያው ቦታ መልሶ እየሞከረ ጊዜውን ይጨርሳል።

አሁን ወደ ኤች እንመለስ። ኤች መጀመሪያ ላይ ካልተቀመጠች አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ፊደል ተከታይ ናት፦ ሲ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ደብልዩ፣ ፒ ወይም ጂ ከፊቷ ይቆማሉ። ስለዚህ በ5 ፊደል ቃል መጀመሪያ 2ኛውን ሳጥን (ቼር፣ ሸርት፣ ዋይት፣ ፎን)፣ ቀጥሎ 5ኛውን (ቢች፣ ብረሽ፣ መንዝ) ፈትሹ። ቲ አብራት ካለች ደግሞ ሦስት ቤቶችን አንኳኩ፦ ሁለቱ ተያይዘው ከፊት እንደ «ሰርድ» (ሦስተኛ)፣ ተያይዘው ከኋላ እንደ «መንዝ» (ወር)፣ ወይም ጂን አስቀድመው መጨረሻ ላይ እንደ «ላይት» (ብርሃን)። እዚያ ከጠፋ ብቻ ተለያይተው የተቀመጡባቸውን፣ እንደ «ሃርት» (ልብ) ያሉትን ፈልጉ።

ሌሎቹም ጠባይ አላቸው። ቪ ቃል መጨረስ አትወድም፤ 4ኛው ላይ ካገኛችኋት 5ኛው ላይ ኢን ሞክሩ፣ «ግለቭ» እና «ድራይቭ» የሚጻፉት እንዲያ ነው። ሲና ኬ ተያይዘው ቃል ይጨርሳሉ እንጂ አይጀምሩም። ከኪው ቀጥሎ ዩ ናት ማለት ይቻላል። አምስቱም አናባቢዎች ከወደቁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ፤ ዋይ አናባቢ ሆና የምትሠራባቸው «ሊምፍ»፣ «ኒምፍ»፣ «ክሪፕት» አሉ።

የትኛውን ፊደል ቀድመን እንሞክር ለሚለው፣ የጽሑፍ ቆጠራና የመዝገበ ቃላት ቆጠራ አንድ እንዳልሆኑ እወቁ። በጽሑፍ ውስጥ ቲና ኤች የሚበዙት «ዘ» የምትባለው ትንሽ ቃል በየመስመሩ ስለምትመላለስ ነው። ቃላት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲቆጠሩ ግን ከፊት የሚመጡት ኢ፣ ኤ፣ አር፣ አይ፣ ኦ፣ ቲ፣ ኤን እና ኤስ ናቸው። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። በስክራብል (ፊደል የተጻፈባቸው ጠጠሮች እየገጠሙ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ) ከ100 ጠጠሮች ኢ ብቻዋን 12 ስትይዝ ኪው፣ ዜድ፣ ጄ፣ ኤክስ እና ኬ አንድ አንድ ብቻ ናቸው።

ጆሽ ዋርድል በ2021 ለሕዝብ ያቀረበውን ወርድል (ባለ 5 ፊደል ስውር ቃል በ6 ሙከራ የሚታደንበት፣ በመልሱ ያለ ፊደል የሚቀለምበት፣ የሌለው ግራጫ የሚሆንበት ጨዋታ) የምትጫወቱ፣ ሁለት ወጥመዶች ልንገራችሁ። አንደኛው የተደገመ ፊደል ነው። ሙከራችሁ ሁለት ኤል ኖሮት መልሱ አንድ ብቻ ካለው፣ አንዷ ትቀለማለች፣ ሌላዋ ግራጫ ትሆናለች። ያ ግራጫ «ሁለተኛ የለም» ማለት እንጂ «ኤል የለም» ማለት አይደለም። ሁለተኛው ወጥመድ የሚብሰው ነው። የመጨረሻዎቹ 4 ፊደሎች አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ መሆናቸውን አወቃችሁ እንበል። የተለመዱት እጩዎች 8 ናቸው፦ ኤይት፣ ፋይት፣ ላይት፣ ማይት፣ ናይት፣ ራይት፣ ሳይት፣ ታይት። አንድ በአንድ ብትሞክሩ የተፈቀዱት 6 ሙከራዎች ያልቃሉ። ይልቅ መልስ ሊሆን የማይችለውን «ፍሌም» (ነበልባል) መሥዋዕት አድርጉ፤ ኤፍን፣ ኤልን፣ ኤምንና ኢን በአንድ ጊዜ ይፈትሻል። ሁሉም ከወደቁ «ስኖርት» ብላችሁ ኤስን፣ ኤንንና አርን ፈትሹ። እነዚህም ከወደቁ የቀረው ታይት ነው። በ2 ሙከራ 8 እጩ ተለየ።

የተበታተኑ ፊደሎችን መልሶ መግጠም ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። 7 የተለያዩ ፊደሎች በ5,040 መንገድ ይደረደራሉና በዘፈቀደ ማማታት አያዋጣም። መጀመሪያ ቅጥያውን ለዩ። አር፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ ቢሰጧችሁ ዓይናችሁ ወደ «ኢንግ» ይሮጣል፤ ሦስቱን ወደ ዳር ስታደርጉ የቀሩት 4 «ሪድ» ይሆኑና «ሪዲንግ» (ንባብ) ይወጣል። እዚያ አትቁሙ። ኢና ዲን ብቻ ወደ ኋላ ብትወስዱ የቀሩት 5 «ግሬይን» (እህል) ይሆናሉ፤ ቃሉም «ግሬይንድ»። ያገኛችሁት ቃል ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የተሰጧችሁን ፊደሎችና የቃሉን ፊደሎች ለየብቻ በኤ፣ ቢ፣ ሲ ተራ ደርድሩ፤ ሁለቱም ኤ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤን፣ አር ካልሆኑ አንድ ፊደል አምልጧችኋል ወይም ጨምራችኋል።

በኮምፒውተር መፈለግ ነውር የለውም፤ መጀመሪያ ግን 10 ደቂቃ በወረቀቱ ታገሉ፣ የመጣውን ዝርዝርም ትርጉሙን ሳታዩ አትለፉት። በብዙ መፈለጊያዎች «?» አንድ ያልታወቀ ፊደል ነው፣ «*» ደግሞ ስንትም ሊሆን ይችላል። የርዝመት ገደብ ካላችሁ ኮከቡን ተዉት። በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (አንድ ነጥብ ማንኛውንም አንድ ፊደል በሚወክልበት የመፈለጊያ ምልክቶች አጻጻፍ) ስትፈልጉ ደግሞ 5 ነጥብ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ መጀመሪያው ላይ «^»፣ መጨረሻው ላይ «$» ካልታሰረበት 5 ፊደል በውስጡ ያለበትን ረጅም ቃል ሁሉ ያግበሰብሳል።

ምንም ሳይገኝ ሲቀር የአጻጻፉን አገር አጣሩ። «ከለር» (ቀለም) በአሜሪካ 5 ፊደል፣ በብሪታንያ ዩ ተጨምራበት 6 ነው። ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው በየትኛው እንደጻፈ ሳታውቁ ሳጥን አትቁጠሩ።