የጣሪያ ውሃ፦ የአዲስ አበባው ታንከር ለድሬዳዋ ይሆናል?

እህቴ፣ አዲስ አበባ ለምትሠሪው ጂ+1 ቤት የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያው ስንት ሊትር ይሁን ብለሻል። ድሬዳዋ ቤት የሚሠራው ወንድምሽም ያንኑ ዲዛይን ይውሰድ እንደሆነ ጠይቀሻል። የሳኒተሪ ሥራ እንጀራዬ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርሽ።

ብዙ ሰው ሂሳቡን የሚጀምረው ከዝናቡ ነው። እኔ ከደረቁ ወራት እጀምራለሁ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ቆርቆሮ በነሐሴ ብቻ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ወደ 20 ሺህ ሊትር ይሰጥሻል። ያጓጓል! ግን ያኔ በየቀኑ ስለሚዘንብ ትልቅ ታንከር አያስፈልግም። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ፣ ለሽንት ቤትና ለልብስ በቀን 200 ሊትር ብትጠቀሙ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር እንኳ በ50 ቀን ያልቃል። በጋውን ሙሉ ላዳርስ ካልሽ ወደ 50 ሺህ ሊትር ልትገቢ ነው። በዚያ ብር ሌላ ስንት ነገር ይሠራል።

ስለዚህ 5 ሺህ ሊትር መሬት ላይ፣ ትንሽ ሮቶ ከላይ፣ መሃል ፓምፕ። በበጋ ያው ታንከር የፈረቃ ውሃ ይያዝልሽ። 5 ሺህ ሊትር 5 ቶን ነው፤ ኢንጂነሩን ሳትጠይቂ ስላብ ላይ እንዳትሰቅዪው። የሽንት ቤቱን መስመር ከመጠጡ አሁኑኑ አስለዪ። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ማፍረስ ነው።

ከታንከሩ በላይ የምጨቃጨቀው ግን ስለ መጀመሪያው ዝናብ ነው። ጣሪያው ላይ የከረመ አቧራ፣ የወፍ ኩስና የባሕር ዛፍ ቅጠል አለ። ካልተጣለ ታንከርሽ ውስጥ ሻይ የመሰለ ውሃ ታገኛለሽ። ከአሸንዳው መውረጃ ጎን ታቹ የተደፈነ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ አስቁሚ። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ እዚያ ይገባል፤ ሲሞላ ንጹሑ ወደ ታንከሩ ያልፋል። 3 ሜትሩ 25 ሊትር ያህል ስለሚይዝ ለ100 ካሬ ቢያንስ ሁለት ይሁን። ታች ክዳኑ ላይ ሚስማር የምታህል ቀዳዳ ከተተወ ራሱ ቀስ ብሎ ይፈሳል። ያም ሆኖ ሳይታከም ለመጠጥ አይሆንም።

ወንድምሽ ጋ ነገሩ ይለያል። የድሬዳዋ ዝናብ ከአዲስ አበባው በጣም ያንሳል፤ ግን በልግም ክረምትም ስላለው ታንከሩ በዓመት ሁለት ጊዜ የመሙላት ዕድል አለው። ሲመጣም ዱብ ስለሚል አሸንዳውን ሰፋ ያድርገው። ዋናው ጉዳይ ትንኝ ነው። ከተማው በደንጊ ትኩሳት ተቸግሯል፤ ወራሪዋ የወባ ትንኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲም የምትራባው እንዲህ ባሉ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ነው። መግቢያው፣ ማስተንፈሻውና ትርፍ ውሃ መውጫው ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይፈልጋሉ። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ታንከር ከሆነ በርካሽ ቢያገኘውም አይግዛው።