እናታችሁን በኅዳር አታምጡ

በሪያድ 4 ዓመት፣ በጅዳ 3 ዓመት፣ በአሜሪካ ሰሜን ባለችው የሚኒሶታ ግዛት ደግሞ 16 ዓመት ኖሬያለሁ። አዲስ የሚመጡ ወገኖቼ ስለ ደመወዙና ስለ ቤት ኪራዩ አጥብቀው ይጠይቁኛል፤ ስለ አየሩ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ያሳደገችው ሰው ጽኑ ሙቀትም ጽኑ ብርድም አያውቅም፤ የሚያውቅ ስለሚመስለው ግን ሳይዘጋጅ ይመጣል።

1. ወረቀት። የመኖሪያ ፈቃዳችሁንና የሕክምና መድን ካርዳችሁን ከእጃችሁ አትለዩ።

2. ሐሩር። በሪያድ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይውላል። አየሩ ደረቅ በመሆኑ ላብ ከቆዳ ላይ ወዲያው ስለሚተን ሰው ያላበው አይመስለውም፤ ውኃው ግን ከሰውነቱ እያለቀ ነው። ጥም እስኪመጣባችሁ አትጠብቁ፤ ሽንታችሁ ከጠቆረ ዘግይታችኋል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ በደረቅ ሙቀት ጥላ እፎይታ ይሰጣል።

3. ወበቅ። ጅዳ የቀይ ባሕር ዳር ከተማ ናት። ቴርሞሜትሩ ከሪያድ ያነሰ ቢያሳይ እንኳ አትታለሉ፤ አየሩ በእርጥበት ስለጠገበ ላብ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ደግሞ ሰውነት አይበርድም። ጥላው አያስጥልም፣ ሌሊቱም አያሳርፍም። በሳዑዲ ዓረቢያ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ገደማ፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ፣ በቀጥታ ፀሐይ ሥር ማሠራት ክልክል ነው፤ ይህን መብታችሁን እወቁ። አብሯችሁ የሚሠራ ሰው ንግግሩ ከተዘበራረቀ «ትንሽ ይተኛ» ብላችሁ አትተዉት፤ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወስዳችሁ ሰውነቱን በውኃ እያራሳችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

4. ብርድ። ለፎቶ የሚያምር ቀጭን ጃኬት ለብሳችሁ፣ ያለ ኮፍያና ያለ ጓንት አውቶቡስ ስትጠብቁ ሳያችሁ እናደዳለሁ። በሚኒሶታ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ብርቅ አይደለም፤ ነፋስ ሲጨመርበት የተገለጠ ጣትና ጆሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይሁን እንጂ ልብስ በገንዘብ ይገዛል። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው።

እናቴን ያመጣኋት በኅዳር ነበር። በስልክ «አሁን እዚህ ክረምት ነው» ስላልኋት ጃንጥላና የፕላስቲክ ጫማ ይዛ መጣች። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ሰው ከደጅ ይወጣል፣ ጎረቤትም ብቅ ይላል። የዚህ አገሩ ግን በር ዘግቶ ወራትን ያስቆጥራል። በታኅሣሥ ፀሐይ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች፤ እኔ ሁለት ሥራ ስለነበረኝ የምገባው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እናቴ በሰፈሯ በቀን ሦስት ቤት ቡና የምትጠጣ ሴት ነበረች፤ እዚህ በመስኮት በረዶ ስታይ ትውል ነበር።

አንድ ሌሊት ስገባ ቤቱ ከሰል ከሰል ይሸታል። ለሥጋ መጥበሻ የገዛሁትን ከሰል በድስት ክዳን ላይ አቀጣጥላ፣ ሦስት ስኒ ደርድራ ቡና አፍልታለች፤ ራሷን ይዛ ታቃስታለች። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ሰውን እንደ ተኛ ያስቀራል። ሐኪም ቤት ደርሳ ተረፈች። እኔ ግን በመንገድ ላይ ተቆጣኋት። «ስኒዎቹን ለማን ደረደርሽ?» ስላት «ሰው ከመጣ ብዬ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ አጥብቄ እናገራለሁ። ወላጅ የምታመጡ ከሆነ በግንቦት አምጡ፤ መስከረም ሳያልቅ መልሱ። በብርዱ ወራት የግድ ከመጡ፣ ከሁለቱ ሥራ አንዱን ልቀቁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግዙ፤ ከሰል ከቤት አታስገቡ፤ ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። የሰሜኑ የክረምት ፀሐይ ለቆዳችን ቫይታሚን ዲ ስለማይበቃ ሐኪም አማክሩ። በሳምንት ሁለት ቀን በተሸፈነ የገበያ አዳራሽ ውስጥ አብራችኋቸው ተራመዱ፤ ቅዳሜና እሑድ የአገራቸው ሰው ያለበት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድም ቢሆን፣ ውሰዷቸው።

እናቴ በየካቲት ተመለሰች። በሰኔ ላመጣት አስቤ ነበር፤ በሚያዝያ አረፈች። ሦስቱ ስኒዎች እኔ ዘንድ አሉ።