አሥራ ሦስት ክለብ የቀያየረ ተጫዋች ለአገሩ አምበል መሆን ይገባዋል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። የሥራ ባልደረባዬና እኔ በምሳ ሰዓት ስለ ኳስ ሳንከራከር የዋልንበት ቀን የለም። እሱ የካሜሩኑን አጥቂ ሳሙኤል ኤቶን «ገንዘብ ወዳለበት የሚሄድ፣ የትም ያልረጋ ተጫዋች ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የአገር አምበል መሆን አልነበረበትም» ይለኛል። ማነጻጸሪያ አድርጎ የሚያቀርብልኝም በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣልንን አምበላችንን ሉቺያኖ ቫሳሎን ነው። እኔ ኤቶን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምወደው በስሜት እከራከራለሁ እንጂ በቂ መልስ የለኝም። ለመሆኑ ያን ሁሉ ክለብ የቀያየረው ለምንድን ነው? ከብሔራዊ ቡድኑስ ለምን ታገደ?
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንዲህ ያለው ክርክር በከተማችን ካፌዎችና ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ሁሉ ስለሚሰማ ሰፋ አድርገን ልንመልስልዎ ወደድን። ከቫሳሎ ዘመን በስተቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በእ.ኤ.አ. ናቸው።

የክለቦቹ ቁጥር አሥራ ሦስት መድረሱ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ እነዚህ ክለቦች ሁሉ የሄደው በራሱ ምርጫ ነው ማለት አይደለም። ኤቶ በአገሩ በካጂ ስፖርት አካዳሚ ሠልጥኖ በ1997 ሪያል ማድሪድ ሲገባ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት የማድሪድ ሁለተኛ ቡድን ወደ ሦስተኛው እርከን በመውረዱና በዚያ እርከን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተጫዋች ማሰለፍ ስለማይፈቀድ፣ ልጁ መጫወቻ ሜዳ አጣ። ክለቡም በሁለተኛው ሊግ ይጫወት ለነበረው ሌጋኔስ በውሰት ሰጠው፤ ቀጥሎ ወደ ኤስፓኞል፣ በ2000 ደግሞ ወደ ማዮርካ ላከው። አንድ ወጣት በአለቆቹ ውሳኔ ከከተማ ወደ ከተማ ሲላክ «አልረጋም» ብሎ እሱን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ማዮርካ በቋሚነት ሲያስፈርመውማ አራት ዓመት ያህል ረግቶ ተጫውቷል፤ በ2003 የስፔን ንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ ሬክሬአቲቮን 3 ለ 0 ሲረቱ ሁለቱን ጎሎች ያስቆጠረው እሱ ነው።

በ2004 ባርሴሎና በ24 ሚሊዮን ዩሮ ወሰደው፤ ማድሪድ የተጫዋቹን ግማሽ መብት ይዞ ስለነበር ከዚህ ገንዘብ ተካፍሏል። በባርሴሎና አምስት የውድድር ዘመን ቆይቶ ሦስት የሊግና ሁለት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫዎችን አንሥቷል። በ2006ቱ የፓሪስ ፍጻሜ አርሰናል በጎደሎ ተጫዋች 1 ለ 0 እየመራ 76ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ፣ ሄንሪክ ላርሰን በስሱ ነክቶ ያሳለፈለትን ኳስ ተቀብሎ በግብ ጠባቂው በአልሙኒያና በቅርቡ ቋሚ መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት አስገብቶ ጨዋታውን የቀየረው ኤቶ ነበር። በ2008 ክረምት አዲሱ አሠልጣኝ ጓርዲዮላ እንደማይፈልጉት በይፋ ቢናገሩም ክለቡን ጥሎ አልሄደም፤ በዚያ ዓመት በሊጉ ብቻ 30 ጎል አስቆጠረ፣ በሮሙ ፍጻሜም ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ የመጀመሪያዋን ጎል አገባ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2009 ኢብራሂሞቪችን ለማስመጣት ሲባል በላዩ ላይ ገንዘብ ተጨምሮበት ለኢንተር ተሰጠ። ባልደረባዎ ይህንን ዝውውር ከኤቶ ስግብግብነት ጋር ሊያያይዙት አይችሉም።

የአምበልነት ጠባዩን የሚያሳይ ማስረጃ ከፈለጉ ደግሞ ኢንተርን ይመልከቱ። በ2010 የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ መልስ ጨዋታ፣ ካምፕ ኑ ላይ ቲያጎ ሞታ ገና በ28ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ በዓለም ካሉ ታላላቅ አጥቂዎች አንዱ የነበረው ኤቶ የቀረውን ጊዜ በአመዛኙ የፈጀው በገዛ የግብ ክልሉ አጠገብ እንደ መስመር ተከላካይ ሆኖ ነው። ጎል የማግባት ዕድል አልነበረውም፤ ጎል አግቢነቱን የሚያስታውሰውም አልነበረም። ኢንተር 1 ለ 0 ቢሸነፍም በድምር ውጤት 3 ለ 2 አለፈ፤ ዋንጫውንም በላ። እኛ በበኩላችን ከጎሎቹ ሁሉ ይልቅ ይህን ጨዋታ እናስበልጣለን።

ባልደረባዎ ትክክል የሚሆኑት በ2011 ዝውውር ላይ ነው። ወደ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ የሄደው ለገንዘብ ነው፤ ቡድኑ ሞስኮ ላይ እየኖረና እየተለማመደ ለሜዳው ጨዋታ ብቻ ክለቡ ወደሚገኝበት ወደ ዳግስታን ግዛት ይበር ነበር። በሠላሳ ዓመቱ በዓለም ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው አንዱ ለመሆን መምረጡን ግን እንደ ነውር አንቆጥረውም። የኳስ ተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው። ከዚያ በኋላ በቼልሲ፣ በኤቨርተን፣ በሳምፕዶሪያ፣ በቱርክ አንታሊያስፖርና ኮንያስፖር፣ በመጨረሻም በኳታር ስፖርት ክለብ ተጫውቶ በ2019 ጫማውን ሰቅሏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ክለቡ ሲቀያየር ያልተቀየረው መለያ የካሜሩን ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ መጀመሪያ የተሰለፈው በመጋቢት 1997፣ 16 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ የተሰናበተው በ2014 ነው። በእነዚህ 17 ዓመታት 118 ጊዜ ተሰልፎ 56 ጎል አስቆጥሯል፤ የ2000 እና የ2002 የአፍሪካ ዋንጫዎችን፣ የሲድኒ ኦሊምፒክንም ወርቅ አግኝቷል። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ በ18 ጎል ከሁሉ የሚበልጥ አግቢም እሱ ነው። አምበልነቱን በ2009 ከሪጎበር ሶንግ ተረከበ።

እገዳው የመጣው በጎል ሳይሆን በጉርሻ ምክንያት ነው። በኅዳር 2011 ተጫዋቾቹ በሞሮኮ ማራካሽ ላደረጉት ውድድር ቃል የተገባላቸው ክፍያ ስላልተሰጣቸው ወደ አልጄሪያ ሄደው የወዳጅነት ጨዋታ ለማድረግ እምቢ አሉ፤ ፌዴሬሽኑም አምበሉን የአድማው መሪ አድርጎ ለ15 ጨዋታዎች አገደው፤ ኋላም ቅጣቱ ወደ ስምንት ወር ዝቅ ተደረገ። ከአውሮፓ ክለቦች ጋር በውል የሠራ ሰው በቃል ብቻ የሚገባን፣ ሲፈለግ የሚታጠፍን ክፍያ ዝም ብሎ አይቀበልም። አብዛኞቹ የቡድን ጓደኞቹ ደግሞ የእሱን ያህል ሀብት ስለሌላቸው ጥያቄው ለራሱ ኪስ አልነበረም ብለን እናምናለን። ይሁንና ተጋጣሚ አገር እየጠበቀ ጨዋታ ማስቀረት ጥፋት የሌለበትን ተመልካች የሚቀጣ መንገድ ስለሆነ፣ ጥያቄውን እየደገፍን አካሄዱን አንደግፍም። ችግሩም አልተፈታም፤ በ2014 ቡድኑ በዚሁ በጉርሻ ጉዳይ ወደ ብራዚል የሚወስደውን አውሮፕላን በሰዓቱ አልተሳፈረም፤ በዓለም ዋንጫውም ሦስቱን ጨዋታዎች ተሸነፈ።

ሉቺያኖ ቫሳሎን በተመለከተ፣ ባልደረባዎ ታላቅ ሰው መርጠዋል። ከመሥሪያ ቤታችሁ ቁልቁል ወርዳችሁ በምታገኙት ስታዲየም፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ፍጻሜ ግብጽ 2 ለ 1 እየመራች ሳለ በ84ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገን አምበሉ ራሱ ነው፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 አሸነፍን፤ ዋንጫውንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቫሳሎና ጓደኞቹ የሚጫወቱት በአገር ውስጥ ክለቦች ነበር፤ ቡድኑም ዓመቱን ሙሉ እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። ኤቶ የመራው ቡድን ከየአገሩ በአውሮፕላን ተጠራርቶ ለጥቂት ቀናት የሚገናኝ፣ ከልምምዱ በፊት ስለ ክፍያው የሚጨቃጨቅ ቡድን ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ለሁለቱም አይሆንም።

ኤቶ በታኅሣሥ 2021 የዚያው ያገደው ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። በቀጣዩ ወር በአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹ ከካሜሩን ጋር ያውንዴ ላይ ተጋጥመው በዳዋ ሆጤሳ ጎል ገና በአራተኛው ደቂቃ መርተው በመጨረሻ 4 ለ 1 ሲሸነፉ፣ የአስተናጋጇን አገር እግር ኳስ የሚመራው እሱ ነበር።