የአያቴን ዘር ከእንግሊዝ ገጠር እንዴት ልፈልግ?

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። የእናቴ አባት እንግሊዛዊ ወታደር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ከጦሩ ጋር መጥቶ እዚሁ ቀረ። በእጃችን ያለው ስሙና የተወለደባት የገጠር መንደር ስም ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የመንደሯን ስም ካወቅሽማ ትልቁን ነገር ይዘሻል። በእንግሊዝ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1837 ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የአያትሽን የልደት ሰርተፍኬት ቅጂ በኢንተርኔት እዘዢ፣ ያስከፍላል ግን የእናቱ ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም እዚያ ላይ ስለሚገኝ ያዋጣል። ቀጥሎ የ1921ን የሕዝብ ቆጠራ እዪ፣ በዚያ ቤት ማን ከማን ጋር እንደኖረና ምን ሠርቶ እንደሚያድር ያሳይሻል። የ1931ዱን አትፈልጊ፣ በእሳት ወድሟል።

ከ1837 ወደ ኋላ ስትሄጂ የደብር መዝገብ ነው ያለው። ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲጻፍ የታዘዘው በ1538 ነው፤ የሁሉም ደብር ግን እስከዚያ አይደርስም። ከ1813 ወዲህ ያለው የጥምቀት መዝገብ የአባትየውን ሥራ ጭምር ይነግርሻል፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። አሮጌዎቹ መዝገቦች አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳይሆን በካውንቲው (በአውራጃው) ቤተ መዛግብት ስለሚቀመጡ ኢሜይል የምትጽፊው ለነሱ ነው። ፍሪሬግ (FreeREG) የሚባለው ድረ ገጽም የደብር መዝገቦችን በነጻ ለመፈለግ ያስችላል፣ ሁሉም ደብር ባይኖርበትም።

አጻጻፉ ቢለያይ አትደንግጪ፤ ቄሱ እንደሰማው ነው የጻፈው፣ እኛስ "ኃይሉ"ን በስንት ዓይነት ነው የምንጽፈው! እናትሽንም ዛሬውኑ አውሪያት፣ ከድሮ ፎቶ ጀርባ አድራሻ አይጠፋም።